ከዓባይ ግድብ እስከ አንዲት ብሎን

ስሙኝማ።

ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቁሙና ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ሽቅብ ማዘጋጃ ቤቱና ፒያሳ፤ ቁልቁል ጥቁር አንበሳ፣ ፖስታ ቤት፣ እስከ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና፤ መሐል ላይ የሴባስቶፖል ምስለ መድፍ። ስለ መድፉ ብዙ ተተርኳል፤ ስለ ንጉሡም እንዲሁ። እኔ ዛሬ የምተርክላችሁ በዙሪያችሁ ባሉት ሕንጻዎች ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ የራስ ቅል ከተሳለበት የብረት በር ጀርባ ስላለው ነገር ነው። ማታ ማታ ወርቅ ቤቶቹን የሚያንጸባርቀው፣ ካፌው ውስጥ ማኪያቶውን የሚያፈላው፣ ሊፍቱን የሚያወጣው የሚያወርደው ኃይል የሚከፋፈለው እዚያ ነው። በሩን የሚከፍተው ሰው ግን በዓመት አንዴ እንኳ ላይመጣ ይችላል።

ሕንጻውን ስም አልሰጠውም። እንዲህ ያለ ሕንጻ በአራዳ ሞልቷል፤ ምድር ላይ ወርቅ ቤትና ካፌ፣ አንደኛ ፎቅ ምግብ ቤት፣ ከዚያ በላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ የሒሳብ ባለሙያ ቢሮ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት። የፈለጋችሁትን አስቡና ተከተሉኝ። የምነግራችሁም ሌሊት ከብዙ እንዲህ ያሉ ሌሊቶች የተሰፋ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ዐርብ ቀን በስድስት ሰዓት ነው። አንድ አንጋፋ ኤሌክትሪሺያን፣ ሠፈሩ ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው፣ ከተግባረ ዕድ የተመረቀች አንዲት ወጣት አስከትለው ምድር ቤት ይወርዳሉ። ለምን በምሳ ሰዓት? ምግብ ቤቱ ምጣዱን ሁሉ የሚያግለው፣ ካፌው የሚጨናነቀው፣ ክሊኒኩም የአየር መጭመቂያውን የሚያስነሳው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። የተደበቀ ሕመም ራሱን የሚያሳየው ሸክም ሲበዛ ነው። ሌሊት፣ ሁሉ ነገር ተዘግቶ ሳለ ቢፈትሹ የቦርዱ አካል ሁሉ ቀዝቃዛና ጤነኛ መስሎ ይታያል።

የዋናውን ቦርድ ሽፋን በጥንቃቄ ያነሱታል። ልጅቷ የሙቀት ካሜራውን ትደግናለች። የካሜራው መስታወት ላይ ሦስት ወፋፍራም ኬብሎች ኃይሉን ከሚያከፋፍለው የመዳብ ዘንግ፣ ከባስባሩ ጋር የታሰሩበት ቦታ ይወጣል። ኤር ፌዝ 44 ዲግሪ። ቲ ፌዝ 42 ዲግሪ። መካከለኛው፣ ኤስ ፌዝ፣ ብሎኑ ከታሰረበት ላይ እንደ ፍም ነጭ ሆኖ 93 ዲግሪ ያሳያል።

በሙያው ሰዎች ዘንድ አንድ የታወቀ መለኪያ አለ። ጎን ለጎን ያሉ፣ ተመሳሳይ ሸክም የተሸከሙ ሁለት መገጣጠሚያዎች የሙቀት ልዩነታቸው ከ15 ዲግሪ ካለፈ ጥገናው ቀጠሮ አይሰጠውም። ሸክሙ እኩል ባይሆንም እዚህ ያለው ልዩነት 50 ዲግሪ ገደማ ነው። ከውጭ ሲያዩት ግን ምንም የለም። ጭስ የለም፣ ሽታ የለም፣ የጠፋ አምፖል የለም። የኬብሉ ልባስ ብቻ ብሎኑ ዘንድ ትንሽ ጠቆር ብሏል፤ እሱም የእጅ ባትሪ አስጠግቶ ለሚያይ ሰው።

ቀጥሎ ጅረት የሚለካው ክላምፕ ሜትር ይወጣል። ኤር 310 አምፔር፣ ኤስ 470፣ ቲ 260። ኒውትራሉ ላይ ሲያጠልቁት 190 አምፔር። ጋሼ ቁጥሩን አይተው ዝም ይላሉ። የሕንጻው ትራንስፎርመር 315 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ ያ ማለት በአንድ ፌዝ 455 አምፔር ገደማ ማለት ነው። ጠቅላላ ሸክሙ ሲደመር ከአቅሙ ሦስት አራተኛውን ብዙም አያልፍም። አንዱ ፌዝ ግን ብቻውን ከአቅሙ በላይ ተሸክሟል። የወር ሒሳቡን ብቻ የሚያይ ሰው ይህን በጭራሽ አያገኘውም።

«እትዬ፣ ምጣድዎ ስንት ደረሰ?» ብለው የምግብ ቤቱን ባለቤት ይጠይቃሉ።

«ድሮማ አንድ ነበር፤ ዘንድሮ አራት ሆነ። ደንበኛ በዛ፣ እግዜር ይመስገን።»

«ይመስገን። ሲጨመሩ መስመሩን ማን ዘረጋልዎ?»

«አንድ ልጅ ነው። ጎበዝ ነው፤ በግማሽ ቀን ጨረሰው።»

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ 16 አምፔር ማለት ነው። ልጁ አራቱንም ቅርብ ባገኘው ብሬከር በኩል አንድ ፌዝ ላይ ሰቅሏቸዋል። ሥራው ሠርቷል፤ እንጀራውም በስሏል። ሸክሙን በሦስቱ ፌዞች መካከል ማመዛዘን እንዳለበት ግን ማንም አልነገረውም፤ ሲጨርስም መጥቶ የለካ የለም።

እንግዲህ ጋሼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ይወጣሉ። ቅዳሜ ማታ ሕንጻው ሙሉ በሙሉ ይጥፋልን፣ እስከ እሑድ ንጋት እንሥራ ይላሉ። ሥራ አስኪያጁ ፊቱ ይጨማደዳል። ካፌው ቅዳሜ ማታ ነው ገበያው፤ ወርቅ ቤቱ ካሜራው እንዳይጠፋበት ይፈልጋል፤ ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ መድኃኒት አለው።

«ጋሼ፣ እየሠራ ያለን ነገር ባንነካው ምን አለበት?»

«ልጄ፣ የሚነካው እየሠራ ሳለማ ነው። ከቆመ በኋላ የሚነካው እሳት አደጋ ነው።»

እዚህ ላይ ትረካዬን ላቁምና ወደ ኋላ ልመልሳችሁ፤ «እየሠራ ያለ አይነካም» የምትለው አነጋገር በአገራችን ምን ያህል እንዳስከፈለች ለማየት።

ኤሌክትሪክ ወደዚህ ከተማ የገባው በ1890 ዓ.ም. ገደማ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጄኔሬተር እንደሆነ ይወሳል። ከተማዋ ስታድግ አቃቂ ወንዝ ላይ አባ ሳሙኤል ተገደበና በ1924 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ኃይሉ ስድስት ሜጋ ዋት ተኩል ያህል ብቻ ነበር፤ ለዚያ ዘመን አዲስ አበባ ግን ትልቅ ሀብት ነው። ከዚያ በ1948 ዓ.ም. እኛ እስከ ዛሬ «መብራት ኃይል» የምንለው መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ ዋናው ቢሮውም ለረጅም ዘመን እዚሁ አፍንጫችን ሥር፣ ፒያሳ ደጎል አደባባይ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው ቆቃ በ43 ሜጋ ዋት ተመረቀ። አገሩ ወደ ትልልቁ ግድብ ፊቱን አዞረ። አባ ሳሙኤልስ? አረጀ፣ ደለል ሞላው፣ ማሽኑ ደከመ፤ ሥራ አቆመ። ለዐሥርት ዓመታት እንደቆመ ቀረ። በቅርብ ዘመን ነው በቻይናውያን እጅ ታድሶ እንደገና የበራው።

ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ግድብ መሥራት የቻለ ሕዝብ ነው። ሪባን ሲቆረጥ ሁላችንም አለን፤ ደለል ሲጠረግ ግን ማን አለ? ያቺን ስድስት ሜጋ ዋት የነጠቀን ጦርነት ወይም ድርቅ ቢሆን ኖሮ እናለቅስላት ነበር። ቀስ ብላ ስለሞተች ማንም አላለቀሰላትም።

አሁን ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት። ከጉባ ተነሥቶ በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ሆለታ ይደርሳል፤ ከማከፋፈያ ጣቢያ ማከፋፈያ ጣቢያ እያለ ቮልቴጁ እየወረደ በ15 ሺህ ቮልት ወደ ሠፈራችን ይገባል። ከሕንጻው ኋላ ያለው ትራንስፎርመር ዘንድ ሲደርስ ሕንጻው በሙሉ አቅሙ ቢሠራ እንኳ በየሽቦው የሚፈሰው 12 አምፔር ብቻ ነው። ትራንስፎርመሩ ወደ 400 ቮልት ሲያወርደው ያ 12 አምፔር 455 ይሆናል። እንግዲህ ብልሃቱም አደጋውም እዚህ ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ጅረቱ ይበዛል፤ ጅረት ሲበዛ መገጣጠሚያው ሁሉ ይፈተናል። የኦም አንድ ሁለት ሺህኛ የምታክል ተቃውሞ፣ ተራ መለኪያ የማያነባት፣ 470 አምፔር ሲያልፍባት 110 ዋት ሙቀት ትፈጥራለች። አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ፣ ቀኑን ሙሉ። ጅረቱ በእጥፍ ቢያድግ ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከጉባ የመጣው ኃይል ሁሉ ወርቅ ቤቱ የሚደርሰው በዚያች ብሎን በኩል ነው።

ይህች ብሎን የማን ናት? ብዙ ሰው መብራት ሲጠፋ 905 ደውሎ ይጠብቃል። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ማመንጨትና ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ሆኗል፤ ማከፋፈልና መሸጡ ደግሞ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ግን የባለ ሕንጻው ነው። ቦርዱም፣ ኬብሉም፣ ብሬከሩም፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው ዘንግም የባለቤቱ ናቸው። የኢነርጂ አዋጁ፣ ቁጥር 810/2006፣ በዚህ ሥራ የሚሰማራ ሰው የብቃት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይፈልጋል። የሕንጻ ኤሌክትሪክ ዝርጋታን የሚመለከት የራሳችን ኮድ፣ ኢቢሲኤስ 10፣ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ሕንጻው ሲሠራ ይጠየቅበታል፤ ከተመረቀ በኋላ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አሜሪካኖች እንኳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ጥገና መመሪያቸውን፣ ኤንኤፍፒኤ 70ቢ የሚሉትን፣ ለረጅም ዘመን እንደ ምክር ይዘውት ኖረው አስገዳጅ በሆነ ቋንቋ የጻፉት እኤአ በ2023 እትም ነው። ችላ ማለት የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ የእኛን የሚያከብደው ምትክ ዕቃው ከውጭ፣ በውጭ ምንዛሪ መምጣቱ ነው።

ወደ ሌሊታችን እንመለስ።

ሥራ አስኪያጁ ተስማምቷል። የካሜራውን መስታወት አሳይተውታል፤ ያቺ ነጭ ነጥብ ከብዙ ቃል ይልቅ አስረዳችው። ለየተከራዩ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የክሊኒኩ መድኃኒት በበረዶ ሳጥን ተዛውሯል፤ ከአገልግሎቱ ሰዎች ጋር ቀጠሮ ተይዟል። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የመጨረሻዋ የካፌ ወንበር ተገልብጣ ጠረጴዛ ላይ ወጣች።

ልጅቷ ወደ ዋናው ማጥፊያ ልትሄድ ስትል ጋሼ በእጃቸው አገዷት።

«መጀመሪያ ምንድን ነው?»

«ጄኔሬተሩ።»

«እሱን ነው የምልሽ።»

ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ ብዙ የፒያሳ ሕንጻ መብራት ሲሄድ ራሱን የሚያስነሳ ጄኔሬተር አለው። ዋናውን ኃይል ስታጠፉ ጄኔሬተሩ «መብራት ሄደ» ብሎ በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይነሣል፤ ሰዎች እጃቸውን ያስገቡበትን ቦርድ መልሶ ሕያው ያደርገዋል። ስለዚህ አስቀድሞ ጄኔሬተሩ ከአውቶማቲክ ይወጣል፣ የባትሪው ሽቦ ይፈታል፣ ይቆለፋል። የጄኔሬተር መቀያየሪያ ሳይኖረው በዘፈቀደ የተገናኘ ከሆነ ደግሞ ኃይሉ በትራንስፎርመሩ በኩል ወደ ኋላ ሽቅብ ወጥቶ 15 ሺህ ቮልት ሆኖ ምሰሶ ላይ የወጣውን የመስመር ሠራተኛ ያገኘዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ የወጣ የሰው ልጅ፣ በማያውቀው ሕንጻ ጄኔሬተር።

ከዚያ ዋናው ብሬከር ይወርዳል፤ የአገልግሎቱ ሰዎችም በረጅሙ የፋይበር ዘንግ የላይኛውን ፊውዝ ይጥላሉ። ቁልፍ ይገባል። ቁልፉ ላይ ካርድ ይንጠለጠላል፦ «ሰው እየሠራ ነው፤ እንዳትከፍቱ»፤ ስም፣ ሰዓት። መክፈቻው ጋሼ ኪስ ይገባል፤ ቁልፉ ሌላ መክፈቻ የለውም።

ልጅቷ ቴስተሯን አውጥታ ባስባሩን ልትነካ አልቸኮለችም። አስቀድማ ቴስተሯን ሕያው መሆኑ በታወቀ ምንጭ ላይ ሞከረችው፤ ሠራ። ከዚያ ሦስቱን ፌዞች እርስ በርስ፣ ከኒውትራል ጋር፣ ከመሬት ጋር ለካች፤ ዜሮ። ከዚያ ተመልሳ ቴስተሩን እንደገና በሕያው ምንጭ ሞከረችው፤ አሁንም ይሠራል። የሞተ ቴስተር የሞተ መስመር ያሳያል፤ ሁለት ጊዜ የምትሞክረው ለዚህ ነው። ካፓሲተሮቹ የያዙትን ቻርጅ እስኪጨርሱ ጠበቁ። ባስባሮቹን ከመሬት ጋር በወፍራም ሽቦ አሰሩ። ይህ ሁሉ ብዙ ሰዓት የወሰደ ይመስላል፤ ሩብ ሰዓት ቢሞላው ነው።

እንግዲህ የኤስ ፌዝን ብሎን ፈቱት።

ወጣት ባለሙያ የጋለ ብሎን ሲያይ መፍቻ አምጥቶ ያጠብቀዋል፤ እፎይ ብሎ ይሄዳል። ጋሼ ይህን አይፈቅዱም። የጋለ መገጣጠሚያ ተፈትቶ ፊቱ መታየት አለበት። ሲፈቱት ነገሩ ተገለጠ። የቀድሞው ኬብል የመዳብ ነበር፤ አንድ ዘመን ላይ ተቃጥሎ በአሉሚኒየም ተተክቷል፤ ርካሽ ስለሆነ። የአሉሚኒየሙ ጫፍ በቀጥታ በመዳቡ ባስባር ላይ ተጣብቆ ታስሯል። ሁለቱ ብረቶች አይዋደዱም። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከመዳብ ከሲሶ በላይ አብልጦ ይለጠጣል፤ ሲበርድ ይሰበሰባል። አየር ሲያገኘውም ወዲያው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ስስ ቅርፊት ያወጣል። መብራት በሄደና በመጣ ቁጥር መገጣጠሚያው ይበርዳል፣ ይግላል፤ ይግላል፣ ይበርዳል፤ በየጊዜው በፀጉር ስፋት ይላላል። በ2011 ዓ.ም. ግንቦት የጊቤ ሦስት ውኃ አንሶ መብራት በፈረቃ የሆነበትን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። እኛ ሻማ ፍለጋ ስንሮጥ በየሕንጻው ምድር ቤት ብሎኖች በየቀኑ እየላሉ ነበር።

አሮጌው ጫፍ ተቆረጠ። በአንድ ወገኑ አሉሚኒየም፣ በሌላው መዳብ የሆነ ጫፍ ገባለት፤ በመጭመቂያ ተጨመቀ። የባስባሩ ፊት እስኪያበራ ተጠረገ። አዲስ ሮንዴላ፣ አዲስ ብሎን። ከዚያ ልጅቷ ኃይሉን የሚለካውን መፍቻ አምራቹ በጻፈው ልክ አስተካክላ አጠበቀች፤ መፍቻው ቀጭ ሲል ቆመች። አብዝቶ ማጥበቅም ያው ጉዳት ነው፤ ጥርሱን ይበላዋል። በመጨረሻ ከብሎኑ እስከ ባስባሩ ድረስ በቀይ ቀለም አንድ መስመር አሰመረች። ነገ ብሎኑ በትንሹ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል፤ የእጅ ባትሪ ብቻ የያዘ ዘበኛ እንኳ ያየዋል። ይህችን የቀለም መስመር እወዳታለሁ። ከብዙ ሪፖርት ትበልጣለች።

የቀረውን ሌሊት በፍጥነት ላሳልፍላችሁ። አቧራው በመጥረጊያ ማሽን ተመጠጠ፤ በአየር አልተነፋም፣ የተነፋ አቧራ ሌላ ቦታ ይገባልና። የአይጥ ኩስ ተገኘ፤ አይጧ የገባችበት የኬብል ቀዳዳ ተደፈነ። የእያንዳንዱ ፎቅ መስመር የሽቦ ልባስ በሚፈትሸው መሣሪያ፣ በሜገር፣ በ500 ቮልት ተፈተሸ፤ ከ1 ሜጋ ኦም በታች የሆነ መስመር አይበራም። የሦስተኛው ፎቅ ኮሪደር መስመር ፈተናውን ወደቀ፤ ጣራው ባፈሰሰበት ቦታ ውኃ የገባበት ሳጥን ተገኝቶ ተቀየረ። ከአራቱ ምጣዶች ሁለቱ ወደ ቲ፣ አንዱ ወደ ኤር ተዛወሩ፤ የክሊኒኩም መስመር ወደ ቲ ሄደ።

ስለ ኒውትራሉ ግን አልቸኩልም። የኒውትራሉ ብሎን ላልቶ ቢገኝ ምን ይሆን ነበር? ኒውትራል ሲበጠስ መብራት አይጠፋም፤ ይብሳል። 220 የሚፈልገው ፍሪጅ፣ ሸክሙ በቀለለው ፌዝ ላይ ከሆነ፣ ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ይደርሰዋል። በአንድ ደቂቃ የካፌው ማሽን፣ የክሊኒኩ ወንበር፣ የወርቅ ቤቱ ካሜራ ይነዳል። ብሬከር አይጥለውም፤ ጅረቱ አልበዛምና። «መብራት ኃይል ዕቃዬን አቃጠለው» ሲባል ከምንሰማው ውስጥ ስንቱ እዚያው ሕንጻ ውስጥ በላላ ኒውትራል የመጣ ይሆን። ልጅቷ ኒውትራሉን እንደ ፌዞቹ ሁሉ ፈትታ፣ ጠርጋ፣ አጠበቀችው፤ ቀይ መስመርም አሰመረችለት።

ቀጥሎ ብሬከሮቹ። ብሬከር ለዓመታት ሳይነካ ከተቀመጠ ውስጡ ያለው ቅባት ሊደርቅ ይችላል፤ በአደጋ ቀን ልጣል ሲል ይይዘዋል። እያንዳንዱን ከፍ ዝቅ አደረጉ። የምግብ ቤቱ አልወርድ አለ፤ ሁለተኛም፣ ሦስተኛም። የመሞከሪያ ቁልፉን ሲጫኑትም ዝም። እስከዚያች ሌሊት ድረስ ምጣዶቹንና ዘይት ያለበትን ማእድ ቤት ይጠብቃል ተብሎ የታመነው እሱ ነበር።

እሳት ለፒያሳ እንግዳ አይደለም። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ሲነድ ያዩ ዐይኖች ዛሬም አሉ፤ ጃዛምባ የተባለው የሙዚቃ ቤት ያን ቀን ነው አመድ የሆነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ደግሞ መርካቶ ሸማ ተራ ነደደ። እሳት ከየትም ይነሣ፣ በተጣበበና በዕቃ በተሞላ ሠፈር ውስጥ የማይወርድ ብሬከር መኖር የለበትም።

ሊነጋ ሲል ከሕንጻው ኋላ ወደ ትራንስፎርመሩ ወጡ። የመተንፈሻ ጠርሙሷ ውስጥ ያለው እርጥበት መጣጭ እንክብል ሰማያዊ መሆን ሲገባው ሐምራዊ ሮዝ ሆኗል፤ እርጥበት ጠጥቶ ጠግቧል ማለት ነው። ተቀየረ። ከታች ትንሽ ዘይት ለምርመራ ተቀዳ፤ ጤነኛ አዲስ ዘይት በ2.5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቢያንስ 30 ሺህ ቮልት መቋቋም አለበት፤ ውኃ ከገባበት ያንሳል።

እዚያ ቆመው ሳለ ልጅቷ ጠየቀች። «ጋሼ፣ ሳህኑ ላይ 315 ይላል። ለምን ከሦስት አራተኛው በላይ አትጫኑት ይላሉ?»

«የቆምሽው የት ነው?»

«አዲስ አበባ።»

«ከባሕር ወለል ስንት ሜትር ላይ?»

ገባት። አደባባዩ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ትራንስፎርመር ሲሠራ የሚታሰብለት ከፍታ 1,000 ሜትር ነው፤ የተለመደው ብሬከርም እስከ 2,000 ብቻ። እኛ ዘንድ አየሩ ስስ ነው፤ ሙቀት እንደልብ አይወስድም፤ ብልጭታንም እንደ ቆላ አየር አያግድም። ጄኔሬተሩም ያው፤ ሳህኑ ላይ የተጻፈለትን ያህል እዚህ አይሰጥም። ሻጮች ይህን ሲናገሩ ብዙ አይሰማም። በቦሌም በአራዳም የተተከለ ዕቃ ሁሉ ይህ ሸክም አለበት፤ ስለዚህ እኛ አገር ጥገና ከቆላው አገር ይልቅ መብዛት ነው ያለበት።

ሌላም አዲስ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ ሽቦ መሬት ውስጥ ገብቷል። ሰማዩ ጠርቷል፤ ደስ ይላል። ግን የተንጠለጠለ ሽቦ ሲጎዳ ዐይን ያየው ነበር፤ የተቀበረ ኬብል መገጣጠሚያ ውኃ ሲጠጣ ማንም አያይም። የት እንደተቀበረ የሚያሳይ ካርታ በጥንቃቄ ካልተያዘ፣ በየጊዜው ካልተለካ፣ የሚነግረን የፍንዳታው ድምፅ ወይም የቁፋሮ ማሽን ጥርስ ነው። ከተማዋ ያንን ውበት ከገዛች እንክብካቤውንም አብራ መግዛት አለባት።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሕንጻው ተመለሰ። አበራሩም ሥርዓት አለው። የመሬት ማሰሪያው ተፈታ፣ መሣሪያ ተቆጠረ፣ ሰው ተቆጠረ፣ ካርድና ቁልፍ ወጣ። ላይኛው ፊውዝ፣ ከዚያ ዋናው ብሬከር፣ ከዚያ ፎቅ በፎቅ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይበራም። የጄኔሬተሩ ባትሪ ታሰረ፤ ዋናው ለአፍታ ጠፍቶ ጄኔሬተሩ መነሣቱ፣ መብራት ሲመለስም መቆሙ ታየ። የምግብ ቤቱ መስመር ግን አልበራም፤ ጋሼ እምቢ አሉ። እትዬ እሑድ ጠዋት መጥተው ተቆጡ፤ ዕዳ አለብኝ፣ ሠራተኛ አለኝ አሉ። ጋሼ ያንን ግትር ብሬከር እጃቸው ላይ አስቀመጡላቸው።

«ይሞክሩት፣ እትዬ። ይውረድልዎና እኔ አሁኑኑ አበራለሁ።»

እትዬ በሁለት አውራ ጣታቸው ገፉት። አልወረደም። ቁጣቸው በረደ። ያን ዕለት እንጀራ ከጎረቤት ገዝተው ዋሉ፤ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት አዲሱ ብሬከር ገባ።

ሰኞ በስድስት ሰዓት፣ ምጣዱ ሁሉ ግሎ ሳለ፣ ካሜራው እንደገና ወረደ። አሁን ሥራ አስኪያጁም አብሮ ወርዷል። ኤስ ፌዝ 46 ዲግሪ። ኤር 326 አምፔር፣ ኤስ 367፣ ቲ 347። የኒውትራሉ ጅረት ከ190 ወደ 36 ወርዷል። ልጅቷ አዲስ ደብተር አውጥታ፣ ከዋናው ቦርድ በር ውስጠኛ ገጽ ላይ በሰንሰለት አሰረችው፤ ዐርብ የነበረውን በአንድ ዐምድ፣ ሰኞ የሆነውን በጎኑ ጻፈች።

«ቀጣዩ መቼ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ግንቦት፣ ክረምት ሳይገባ፤ ጎርፉ ቸርችልን ይዞ ሲወርድ ምድር ቤታችሁን እንዳያገኘው። የመሬቱን ዘንግ ግን በጥር እንለካዋለን፤ አፈሩ ደርቆ ሳለ፣ በክፉ ቀኑ። ጄኔሬተሩን በየሳምንቱ አስነሣው፤ በባዶ ሳይሆን ጭነህ።»

«በጀት አስገባበታለሁ፣ ጋሼ።»

«ጻፊው» አሏት ልጅቷን፤ «ቃሉንም፣ ቀኑንም፣ ስሙንም።» ጻፈችው፤ ሥራ አስኪያጁም ከሥሩ ፈረመ።